ምራቷ በላቻቸው

መንዝ የገባሁት በሠርግ በቅሎ ነው፤ በንጉሡ ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ። የተወለድኩት መርሐቤቴ ውስጥ ወደ ቆላው በሚያዘነብለው ወገን ነው፤ ሰው ቀን ቀን ጥላ ፈልጎ የሚቀመጥበት አገር። ባሌ ቤት ስንደርስ አገሬው ባና ተከናንቦ ዓይኑን ብቻ አውጥቶ ተቀበለን። ጥርሴ ሲንገጫገጭ የሰሙት ሴቶች ሆድ የባሰኝ መስሏቸው «አይዞሽ፣ ይለመዳል» እያሉ ጀርባዬን ይደባብሱኝ ጀመር። የበረደኝ መሆኑ የገባቸው አማቴ ብቻ ነበሩ። የራሳቸውን በርኖስ አውልቀው ከሠርግ ልብሴ በላይ ደረቡልኝና መጀመሪያ ትሙቅ፣ ከዚያ ትዘፍኑላታላችሁ አሏቸው።

በማግስቱ እንደ አገሩ ወግ ስም አወጡልኝ። አማት ለምራቷ የምታወጣው ስም ብዙ ጊዜ ከሠርጉ ጋር አብሮ ይረሳል። የእኔንም ባሌ ሳይቀር ረሳው፤ አባቴ ቤት በምጠራበት ስም ነበር የሚጠራኝ። አማቴ ግን አንድ ቀን እንኳ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። አማትና ምራት እሳትና ጭድ ናቸው ይባላል። እኛ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠን የበግ ጠጉር ስንፈትል እንውል ነበር፤ እሳቸው ቀጭን፣ እኔ ወፍራም። የእኔን ክር ወደ በሩ ብርሃን አንሥተው ለባና ነው ወይስ ለበሬ ማሰሪያ እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም መልስ አላጣም ነበር። መልስ የማታጣ ምራት ደግሞ በዚያ አገር ብዙ ወዳጅ አታፈራም።

ሕመማቸው የጀመረው የመጨረሻ ሴት ልጃቸው ከሞተች በኋላ ነው። ለቅሶው አልፎ፣ ተዝካሩ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ሲመለስ እሳቸው አልተመለሱም። መጀመሪያ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ቀጥለው ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተዉ። ከዚያ ገብሱ ያለበት ጎታ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ማድመጥ ጀመሩ፤ ውስጡ ሰዎች ተቀምጠው በእሳቸው ላይ ይማከራሉ። ምን ይላሉ ብዬ ብጠይቃቸው አንቺ አትስሚ፣ ይቅርብሽ አሉኝ። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆነው ለእኔ ያዝኑ ነበር። በመጨረሻ እህል ሁሉ መርዝ ሆነባቸው። ልጆቻቸው ያቀረቡትን አይነኩም፣ ጎረቤት ያመጣውን ይደፉታል። እኔ አጥሚት አፍልቼ ፊታቸው ቀምሼ ስሰጣቸው ብቻ ይጠጣሉ። ለምን እኔን እንዳመኑኝ እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት ባዳ ስለሆንኩ ጎታው ውስጥ ካሉት ጋር አትመክርም ብለው ይሆናል።

ቤተ ዘመድ ያላደረገው የለም። ደብተራ ተጠርቶ ክታብ ጻፈ፣ ሥር ቀጥቅጦ አጠናቸው፣ ሙክቱን ነድቶ ሄደ። ክታቡ አንገታቸው ላይ ዋለ፤ ሰዎቹም ከጎታው አልወጡም። አንድ ቀን ውርጩ ሜዳውን ባነጣበት ማለዳ አማቴ ራቁታቸውን ወደ ገደሉ ሲሄዱ ተገኙ። ያን ዕለት እጃቸው በሰንሰለት ታሰረ፣ ሌላው ጫፍ ከቤቱ ምሰሶ ጋር። ባሌ እያለቀሰ ነበር ያሰራቸው። ከዚህ ሁሉ ሰው ማን ክፉ ነበር ብባል የምጠራው የለኝም፤ ገደል እንዳይገቡ ነው፣ ብርዱ እንዳይገድላቸው ነው። ከዚያ በኋላ ጠበል ይሂዱ ተባለ።

ይህን የምጽፈው ጠበል ለመንቀፍ አይደለም፤ እስከ ዛሬ እጠመቃለሁ። ጠበሉ በሚወርድበት ገደል ሥር የታመመ ሰው አይሳቅበትም፣ ልጆች ድንጋይ አይወረውሩበትም። የሚጮኸውም፣ ዝም ብሎ የሚያለቅሰውም የሰው ልጅ ነው። ሁሉም እኩል ይጾማል፣ ከሰዓት በኋላም እኩል ቆሎውን ይቆረጥማል። አማቴም መጀመሪያ ላይ ረጋ ብለው ነበር፤ ጎታው እዚያ የለ። እኔና ባሌ አብረናቸው ወርደን ነበርና የጾሙ ሰዓት ሲያልቅ አጥሚታቸውን አጠጣቸዋለሁ፣ ባናውን አለብሳቸዋለሁ፣ ይተኛሉ። ሊሻላቸው ነው እያልኩ ተስፋ ማድረግ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ የወር አበባዬ መጣ። በዚያ ጊዜ ሴት ከጠበሉ አጥር አትገባም፤ ሥርዓት ነው። ከገደሉ በላይ ካለው መንደር አንድ ሴትዮ ቤት ተጠግቼ አጥሚቱን እያፈላሁ በባሌ እጅ መላክ ያዝኩ። የላክሁት ሁሉ ሳይነካ ተመለሰ። በልጃቸው እጅ የመጣ ነውና መርዝ ነው።

አጥማቂው መነኩሴ ብርቱ ሰው ነበሩ፤ ክፉም አልነበሩም። ነገር ግን በሕመምተኛው ላይ ያደረው መንፈስ ማን እንደሆነ፣ በማን ዓይን ወይም በማን እጅ እንደገባ ካልተናገረ አይወጣም ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ውሃው ከላይ በአማቴ ላይ እየወረደ መስቀሉን ግንባራቸው ላይ አድርገው ይጠይቃሉ። «ማነህ? በማን በኩል ገባህ? ተናገር!» አማቴ ቀኑን ሙሉ ዝም። በማግስቱም ዝም። እህል ባፋቸው አልዞረም፣ ውሃው በረዶ ነው፣ ጥያቄው አያቆምም። በመጨረሻ አፋቸውን ከፍተው ጠሩኝ። ያን እሳቸው ብቻ የሚጠሩኝን ስም እየደጋገሙ፣ ገደሉ እስኪያስተጋባ ድረስ ጠሩት። ይህን የነገረኝ ባሌ ነው። ሲነግረኝ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ሰው ሲርበውና ሲበርደው የሚያበላውን ይጠራል። ይህን ለማወቅ መመነንም መማርም አያስፈልግም፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን ያውቀዋል። ግን ጥያቄው «በማን በኩል ገባህ» ነበርና መልሱ እኔ ሆንኩ። እዚያ አለመገኘቴም ጠበሉን ፈርታ ነው ተባለልኝ። ስለዚህ ነገር ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። ውሃው አልበደለኝም፤ የበደለኝ ጥያቄው ነው።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መንደር ገባ። ምራቷ በላቻቸው። አጥንቷን ያጣራ የለም፤ ከቆላ የመጣች ናት፤ ዓይኗንስ አይታችሁታል? ዓይኔ የእናቴ ዓይን ነው፤ ትልቅ ነው፣ ምን ላድርገው። ሳልፍ ሴቶች ሕፃናቱን በነጠላ ይሸፍናሉ፣ የወተቱን ዕቃ ይከድናሉ። ሰንበቴ ላይ የምጠጣበት ጣሳ ለብቻው ተደረገ። ከቤታችን በታች አንዲት ጎረቤት ነበረች፤ እሳት የምንጫጫር፣ ወንፊት የምንዋዋስ። ልብስ ሳጥብ ከኋላዬ መጥታ የቀሚሴን ጠርዝ በምላጭ ስትቆርጥ ያዝኳት። ከበላተኛው ልብስ ላይ የተቆረጠ ጨርቅ ሲታጠኑት ቡዳው ይለቃል ይባላል። እጇን ለቀቅኋት፤ ቁራጩን ይዛ ሄደች። የቀሚሴ ጭስ አማቴን አስነጠሳቸው እንጂ ሌላ ያመጣው ነገር አልነበረም።

ቀጥሎ የባሌ አጎት ዘመድ አዝማዱን ሰብስበው አማቴ ፊት አቆሙኝ። የበላች ቡዳ የበላችው ሰው ላይ እንትፍ ካለች ይለቀዋል፤ ይህ በአገሩ የታወቀ ነው።

«እንትፍ በይባቸውና ይልቀቃቸው» አሉኝ። «ማንም ክፉ አያደርግሽም።»

«አልበላሁምና አልተፋም» አልኩ።

ኩራት ነበረኝ። ከተፋሁ አመንኩ ማለት ነው፤ ካመንኩ ደግሞ ያባቴ ቤት ስም፣ ወደፊት የምወልዳቸው ልጆች ስም አብሮ ይሄዳል። የቡዳ ልጅ ማን ያገባል? አጎትየው እንግዲያው ካጠገባቸው አትድረስ ብለው ፈረዱ። ባሌ ቀና ብሎ አላየኝም። አባቴ ቤት እንዳልሄድ መሄዴም ማመን ይሆናል። እኔ ጓዳ፣ እሳቸው ምሰሶው ሥር፣ አንድ ጣራ ሥር ተለያየን።

እየመነመኑ ሄዱ። ሰንሰለቱ ከእጃቸው እየሾለከ ስላስቸገረ በጨርቅ አወፈሩት። ከጓዳ ድምፄን በሰሙ ቁጥር ይጠሩኛል፤ በጠሩኝ ቁጥር ቤቱ ያለው ሰው ያማትባል። ጆሮዬን ይዤ የምቀመጥበት ጊዜ ነበር። የሚሞቱት ርቧቸው እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ሲሞቱም ገዳያቸው እኔ እንደምባል አውቅ ነበር። የትኛው የበለጠ ያስፈራኝ እንደነበር ዛሬ ብጠየቅ የመጀመሪያው ማለት እወዳለሁ። በጊዜው ግን ሁለቱም እኩል ነበሩ።

የባሌ ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ ወታደር ነበር። በፈቃድ መጥቶ እናቱን ሲያይ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ሕመም የሚታከምበት ሆስፒታል አለ፣ አንድ ጓደኛዬን አይቻለሁ፣ ፍጹም ባይድንም ሥራው ላይ ተመልሷል አለ። አጎትየው አልሰሙትም። መርፌ ከመንፈስ ጋር አይስማማም፤ ልክፍት ያለበት ሰው ከተወጋ እዚያው ይቀራል። እውነት ለመናገር እኔም ይህን አምን ነበር። አባቴ አገር መርፌ ተወግታ በዚያው ቀን የሞተች ሴት አውቃለሁ። መርፌው ይሁን በሽታው የገደላት የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በሞላሌ ገበያ ቀን ቤቱ ጭር ሲል የፈለገው ይምጣ ብዬ አጥሚቱን ይዤ ወጣሁ። ቀምሼ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ትንፋሽ ሳይወስዱ ጠጡት፤ የቀሚሴን ጫፍ በጣታቸው ጠቅልለው ያዙት። ዞር ስል ባሌ በሩ ላይ ቆሟል። አህያውን የሚጭንበት ገመድ ረስቶ ተመልሶ ነበር። ያለቀውን ጣሳ አየ፣ እናቱን አየ።

«ሌላ አለ?» አለኝ።

ሌላ አመጣሁ። እሱም አጠገባችን ተቀመጠ፤ ገበያም አልሄደም። ማታ ወንድሙን በቅሎ ተዋስ አለው። አጎትየው ሲሰሙ የጀመረችው ራሷ ትጨርሳቸው ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

እስከ መኪናው መንገድ በበቅሎ፣ ከዚያ በጭነት መኪና የገብስ ከረጢት ላይ ተቀምጠን ደብረ ብርሃን ገባን፤ ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ አዲስ አበባ። ሆስፒታሉ ገነት አልነበረም። ሰንሰለት ባይኖርም የብረት በር ነበረ፤ ግቢው በሰው ተጨናንቋል፤ የሽንትና የመድኃኒት ሽታ ያንቃል። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፣ አጠገቡ አስተርጓሚ ልጅ ተቀምጧል። መቼ ጀመራቸው አለ። ይተኛሉ ወይ አለ። ከመታመማቸው በፊት ምን ደረሰባቸው ሲል ስለ ሞተችው ልጅ ነገርነው። እሷ ምን ዓይነት ልጅ ነበረች ብሎ አማቴን ራሳቸውን ጠየቃቸው። ከቀብሩ ወዲህ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። እኔ ግን እሱን አልነበረም የምጠብቀው። በማን በኩል ነው የገባባቸው እስኪል ጠበቅሁ። ሳይጠይቅ ጽፎ ጨረሰ። ወጥቼ አጥሩ ሥር አለቀስኩ።

ኪኒኑን የሚውጡት ከእኔ እጅ ብቻ ነበር፤ ያውም ከቀመስኩላቸው። ነርሷ ደግሞ መድኃኒት አይቀመስም ትላለች። እሷ ዞር ስትል ምላሴን አስነካለሁ፤ ምላሴ ደንዝዞ ይውላል። አማቴ መጀመሪያ ላይ ተኙ። ብዙ ተኙ። ሲነቁም ሰውነታቸው ደርቆ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ፈርቼ ልናመልጥ ሁሉ አስቤአለሁ። እንዲህ ስንል አንድ ጧት መስኮቱን እያዩ ገብሱ ታጨደ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የጤነኛ ጥያቄ ነበር። አልታጨደም፣ ገና ነው አልኳቸው፤ ታጭዶ ከተወቃ ቆይቷል፣ ግን የቀረባቸው እንዳይመስላቸው ብዬ ነው።

ተመልሰን አገር ስንገባ አማቴ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ተሳለሙ። እንዝርታቸውን አነሡ፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ክራቸው እንደ እኔ ወፍሯል። ኪኒኑን አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው በነጋዴ እጅ ይልክልናል፤ ሲቋረጥ ጆሯቸው ወደ ጎታው ይሳባል፣ ሲመጣ ይተዋል። ጠበሉንም አልተዉም፤ እኔም አብሬ እወርዳለሁ። ይህን ያየ ሰው በደሌን ይረሳል ብዬ ነበር። እንዴት ያለ የዋህነት ነው! አገሩ ሁሉ በላቻቸው፣ ኋላ ፈርታ ለቀቀቻቸው አለ። ካልበላች እንዴት ከእሷ እጅ ብቻ ዳኑ? መዳናቸው የበደሌ ማስረጃ ሆነ። አጎትየውማ ልብ በመግዛቴ መረቁኝ። ባሌም ራት ላይ እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም አለኝ። ምግቡን ብቻ እያቀረብኩለት ብዙ ጊዜ ሳላናግረው ቆየሁ። እሱም ድርግም አድርጎ ይበላ ነበር፤ ሚስቴ ቡዳ ናት ብሎ ከልቡ ያመነ ሰው እንደዚያ አይበላም ብዬ ተጽናናሁ።

ለአማቴ ግን ማንም አልነገራቸውም። ከጠበሉ ያስታውሱ የነበረው ብርዱን ብቻ ነው። ቢሰሙ ሕመሙ ይነሣባቸዋል ብለን እኔና ባሌ ተማክረን ዝም አልን። ጣሳዬ ለምን ለብቻው እንደሆነ ሲጠይቁኝ ጠላ ያቆስለኛል፣ ለውሃ ነው እላቸው ነበር።

እንዲህ እየኖርን ሳለ የዚያች የቀሚሴን ጠርዝ የቆረጠች ጎረቤት ልጅ ታመመ። ቅኔ ቤት የቆየ፣ ድምፁ የሚወደድለት ጎልማሳ ዲያቆን ነበር። ብቻውን እየተናገረ ይዞር ጀመር፤ ኋላ የጭድ ክምራቸውን አቃጠለ። በረት ውስጥ አሰሩት። የባሌ ወንድም ለፋሲካ ሲመጣ እናቲቱን ሆስፒታል ውሰጂው ብሎ ለመናት፤ መርፌ ስትሰማ ጆሮዋን ያዘች። በበረታቸው በኩል ሳልፍ እጁን አይቼዋለሁ። ብረቱ ሥጋውን በልቶት ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ይህች ሴት ደጃችን መጣች። ነጠላዋን አደግድጋ ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች፤ ሰው ከባድ በደል በድሎ ምሕረት ሲለምን ነው እንዲህ የሚሆነው።

«በድዬሻለሁ» አለች። «ቀሚስሽን ቆርጬአለሁ፤ ስምሽን አጥፍቻለሁ። ቂም ይዘሽ እንደሆነ እኔን ብዪኝ። ልጄን ልቀቂልኝ።»

ደሜ ፈላ። ያ ድንጋይ ተንሸራቶ እግሯ ላይ ቢወድቅ ደስ ባለኝ ነበር። አልያዝኩትም፣ ማንንም በልቼ አላውቅም ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የሚከተለው ታየኝ። አልያዝኩትም ካልኳት እንቢ ያልኳት ይመስላታል፤ ልጁም በዚያው በረት ይቀራል። ሕመም ነው፣ ሐኪም ይየው ብላት ያን ሰምታዋለች። ይህች ሴት በዚያች ሰዓት ልትሰማው የምትችለው ቃል አንድ ብቻ ነበር።

«እለቀዋለሁ» አልኩ። «ግን እዚህ ሆኖ አይለቅም። ሰንሰለቱን ፍቺለትና አምጪው፤ አዲስ አበባ የባሌ ወንድም ሆስፒታል ያስገባዋል። ሐኪሙ የሚሰጠውን በዋጠ ቁጥር እለቀዋለሁ፤ ያልዋጠ ዕለት ተመልሼ እይዘዋለሁ።»

ጉልበቴን ስማ፣ መርቃኝ ሄደች። ዞር ስል አማቴ እንዝርታቸውን ይዘው እያዩኝ ነው። ምኑን ነው የምትለቂው አሉኝ። የምዋሸው አልነበረኝም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጠበሉን፣ ጥያቄውን፣ ጣሳውን።

«እኔ ነኝ የጠራሁሽ?» አሉ።

«ርቦዎት ነበር፣ እማማ።»

ነጠላቸውን አንሥተው ተነሡ። ሄጄ እነግራታለሁ፣ እሑድም ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ ላገሩ ሁሉ እነግራለሁ አሉ። ስጠብቀው የኖርኩት ይህን ነበር፤ ከሳቸው አፍ ቢወጣ ማንም አይክደውም። እጃቸውን ያዝኩ።

«ከነገሯት ልጁን አታመጣውም» አልኳቸው። «ይተዉት። ቡዳ ልሁን።»

ነጠላቸውን ካነሡበት አኖሩት። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና ለልጃቸው ያላለቀሱትን ያህል አለቀሱ፤ እኔም አብሬአቸው።

ጎረቤቲቱ ልጇን በማግስቱ ማለዳ ይዛው መጣች። ሰንሰለቱን ፈትታለታለች። ፊቱን ግን ዓይኔ እንዳያርፍበት በነጠላዋ ሸፍናው ነበር።